ጣሪያው የወደቀ መቅደስን መሳለም፦ ከቀራንዮ ወደ ዋሻ ሚካኤል ለሚሄድ ምእመን

ከወጥ ድንጋይ የተፈለፈለ ቤተ ክርስቲያን ለማየት ላሊበላ ድረስ መሄድ የግድ የሚመስለው የአዲስ አበባ ነዋሪ ብዙ ነው። ነገር ግን በከተማዋ ምሥራቃዊ ዳርቻ፣ ከየካ ሚካኤል በላይ ባለው ተራራ፣ በባሕር ዛፍ ጫካ ተከብቦ ዋሻ ሚካኤል አለ። ጣሪያው ወድቋል፤ የቆመውም ለዝናብና ለፀሐይ የተጋለጠ ነው። ይህ መመሪያ በከተማዋ ምዕራባዊ ጫፍ፣ በቀራንዮና በዙሪያዋ ለሚኖር፣ ያን ቦታ በክርስቲያናዊ ልማድ ሊሳለም ለሚፈልግ ሰው የተጻፈ ነው። የሚከተሉት ምክሮች ሁሉ የሚነሡት ከአንድ ሐሳብ ነው፤ የፈረሰ መቅደስ ከተሳላሚው ከምንም በላይ ሁለት ነገር ይፈልጋል፤ ስለ እርሱ እውነቱን መናገርንና እጅን መሰብሰብን። ቅን ፍቅር እንኳ እነዚህ ሁለቱ ከጎደሉት የቀረውን ያፈርሳል።

1. ከመነሣትዎ በፊት ጥያቄውን ይፍቱ፦ የፈረሰ ቦታ ይሳለማል ወይ?

ብዙ ሰው የሚያነሣው የመጀመሪያ ተቃውሞ ይህ ነው። ቤተ ክርስቲያንን ቤተ ክርስቲያን የሚያደርገው ታቦቱ ነው፤ በፍርስራሹ መካከል ደግሞ ዛሬ ቅዳሴ የሚቀደስበት መንበር የለም፤ ታዲያ ሰው ሄዶ የሚሳለመው ምኑን ነው? ተቃውሞው ክብደት ስላለው በችኮላ መታለፍ የለበትም። መልሱን ግን መጽሐፍ ቅዱስ ራሱ ይሰጣል። ነቢዩ ዳንኤል በባቢሎን ሳለ መስኮቱን ወደ ኢየሩሳሌም ከፍቶ በቀን ሦስት ጊዜ ሲጸልይ፣ ፊቱን ያዞረበት መቅደስ ከፈረሰ አሠርት ዓመታት አልፈዋል። ታቦቱም፣ መሥዋዕቱም፣ ካህናቱም በቦታው አልነበሩም። እንዲያም ሆኖ ያን ጸሎት ከንቱ ያለው የለም፤ ይልቁንም ዳንኤል ለአንበሳ ጉድጓድ እስኪዳረግ ድረስ የጸናበት ነገር ነው። ኤልያስም በቀርሜሎስ ተራራ ላይ የፈረሰውን መሠዊያ ትቶ ሌላ ቦታ አልፈለገም፤ እዚያው ቆሞ አቃናው። ስለዚህ አንድ ጊዜ ለእግዚአብሔር የተለየ ቦታ ግድግዳው ስለ ወደቀ ብቻ ተራ መሬት አይሆንም።

የሌላው ዓለም ልምድም ይህንኑ ያሳያል። በእንግሊዝ የግላስተንበሪ ገዳም በንጉሥ ሄንሪ 8ኛ ትእዛዝ እ.ኤ.አ. በ1539 ተዘግቶ፣ ድንጋዩ ለአካባቢው ቤትና መንገድ ሥራ እየተነቀለ ተወስዷል። ዛሬ የቀረው በአብዛኛው ጣሪያ የሌለው ግድግዳ ነው፤ ምእመናን ግን በየዓመቱ በሰልፍ ሄደው ይጸልዩበታል። ይሁን እንጂ ከዳንኤል የምንማረው ወሰንም አለ። ፍርስራሽ የጸሎት ቦታ እንጂ የምሥጢራት መፈጸሚያ አይደለም። ለቅዳሴ፣ ለቁርባን፣ ለንስሐ የሚሄዱት ታቦቱ ወዳለበት፣ ካህናቱ ወደሚያገለግሉበት ደብር ነው። የጉዞው ቅደም ተከተል ሁሉ የሚወሰነው በዚህ ነው፤ ከሕያው ደብር ይነሣሉ፣ በሕያው ደብር በኩል ያልፋሉ፣ ወደ ፍርስራሹ የሚደርሱት በመጨረሻ ነው።

2. ታሪኩን በልኩ ይያዙ

ከመሄድዎ በፊት ስለ ቦታው የሚነገረውን በሁለት ረድፍ ለይተው ይያዙ፤ ትውፊቱን ትውፊት፣ የታሪክ ጥናቱንም ጥናት ብለው። በአካባቢው የሚነገረው ትውፊት ዋሻ ሚካኤልን በ4ኛው ክፍለ ዘመን ከነበሩት ከአብርሃና ከአጽብሐ ጋር ያያይዘዋል። የሥነ ሕንፃ አጥኚዎች ደግሞ አሠራሩን ከሌሎች ፍልፍል አብያተ ክርስቲያናት ጋር እያነጻጸሩ ወደ መካከለኛው ዘመን፣ ወደ ቅዱስ ላሊበላ ዘመንና ከዚያ ወዲህ ያመጡታል። አንዳንድ ምእመን ይህን ሲሰማ እምነቱ የተነካበት ይመስለዋል። ነገር ግን የቦታው ክብር በዕድሜው ርዝመት አይለካም። በ12ኛው ወይም በ14ኛው ክፍለ ዘመን መዶሻና መሮ ይዘው አለቱን የፈለፈሉ ሰዎች ጸሎት ከ4ኛው ክፍለ ዘመን ጸሎት አያንስም። ለልጆችዎ ሲነግሩ «አባቶች እንዲህ ይላሉ፤ አጥኚዎች እንዲህ ይላሉ» ማለት ሁለቱንም ያከብራል፤ አንዱን ብቻ እንደ ተረጋገጠ አድርጎ ማቅረብ ግን ሌላውን ይበድላል።

በይበልጥ መጠንቀቅ ያለብዎት ስለ አፈራረሱ ሲወራ ነው። በአገራችን የፈረሰ ነገር ሁሉ የግራኝ ሥራ ነው ማለት ልማድ ሆኗል። እ.ኤ.አ. በ1529 ከሽምብራ ኩሬ ጦርነት በኋላ በግራኝ፣ ማለትም በኢማም አሕመድ፣ ዘመቻ ብዙ አብያተ ክርስቲያናት መቃጠላቸው እውነት ነው፤ ደብረ ሊባኖስ እ.ኤ.አ. በ1531 መቃጠሉን የዘመቻው ጸሐፊ ዐረብ ፈቂህ ራሱ በፉቱሕ አል ሐበሻ መዝግቦታል። ይሁን እንጂ በአንድ ቦታ የተመዘገበ ነገር ለሌላው ቦታ ማስረጃ አይሆንም። ከአለት የተፈለፈለን መቅደስ በየክረምቱ የሚሰርግ ውሃ፣ በስንጥቁ የሚገባ የዛፍ ሥር፣ የጣሪያው የራሱ ክብደትና የሰው ቸልታም ያፈርሱታል። የደብረ ሊባኖስንም መነኮሳት ቢሆን በግንቦት 1929 ዓ.ም. በግፍ የፈጀው የፋሺስት ኢጣሊያ ጦር ነበር። በኮልፌ ቀራንዮ ከሙስሊም ጎረቤቱ ጋር ቡና ተጠራርቶ፣ ዕድር ተካፍሎ የሚኖር ምእመን ማስረጃ በሌለው ክስ ልቡን ሞልቶ ወደ ጸሎት ቦታ ሊሄድ አይገባም። በፍርስራሽ ፊት የሚጸለየው ቂም ለማደስ አይደለም።

3. ቀኑን ይምረጡ

የቅዱስ ሚካኤል ወርኃዊ በዓል በ12 ነው፤ ከዓመታዊ በዓላቱ ታላላቆቹ ደግሞ ኅዳር 12 እና ሰኔ 12 ናቸው። ብዙ ሰው በዓመቱ በዓል ወደ ዋሻው መውጣት የተሻለ በረከት ያለው ይመስለዋል። ከላይ በተባለው ሐሳብ መሠረት ግን በዓመቱ በዓል ቦታዎ ታቦቱ ከሚወጣበት ደብር ነው፤ ንግሡን ከሕዝቡ ጋር ያክብሩ። ወደ ፍርስራሹ ለመውጣት የሚመረጠው ከጥቅምት እስከ የካቲት ባሉት ደረቅ ወራት የሚውል ወርኃዊ 12 ወይም ማንኛውም ጸጥ ያለ ቀን ነው። በክረምት ተራራው ያዳልጣል፣ በተፈለፈለው ጉድጓድ ውስጥ ውሃ ይቆማል፣ እርጥብ አለት ላይ የሚረግጥ እግርም ድንጋዩንም ሰውየውንም ይጎዳል። ረቡዕ፣ ዓርብ ወይም ሌላ ጾም ከሆነ ስንቅዎን በዚያው ልክ ያዘጋጁ፤ ቆሎ፣ ዳቦና ውሃ ይበቃል። ሕፃናት፣ አረጋውያን ወይም ሕመምተኛ አብረው ካሉ ግን መንገዱ ከ2,500 ሜትር ከፍታ በላይ የሚወጣ ዳገት መሆኑን አስበው ስለ ጾሙ ከንስሐ አባትዎ ጋር ይመካከሩ።

4. ከአጥቢያዎ ይነሡ

የቀራንዮ ነዋሪ ጉዞውን የሚጀምረው ታክሲ ላይ ሳይሆን በቀራንዮ መድኃኔዓለም ወይም በራሱ አጥቢያ ደጅ ነው። ማለዳ ኪዳን ያድርሱ፤ ከተቻለ ከቀናት በፊት ለንስሐ አባትዎ ሐሳብዎን ይንገሩ። ይህ ሥርዓት ለማሟላት ብቻ የሚደረግ አይደለም። ሰው በራሱ ፈቃድ ተነሥቶ ወደ ጥንታዊ ቦታ ሲሄድ፣ እዚያ ያየውንና የተሰማውን የሚመዝንለት ከሌለ፣ በቀላሉ የራሱን ስሜት እንደ ራእይ ይቆጥራል። ከአጥቢያው ጋር ተያይዞ የወጣ ሰው ግን የሚመለስበት፣ የሚጠይቀውና የሚያርመው አለው። በሰንበት ትምህርት ቤት ወይም በጽዋ ማኅበር አማካይነት በቡድን ከሄዱ ይበልጥ መልካም ነው፤ ቁጥሩ ግን ትንሽ ይሁን። አውቶቡስ ሙሉ ሕዝብ ለትልቅ ገዳም ቅጥር ይስማማል፤ በጠባብ የተፈለፈለ ቅጥር ውስጥ ግን መገፋፋትን፣ መገፋፋትም አለቱን መደገፍና መርገጥን ያመጣል። ብዙ ሰው ካለ በየተራ በትንሽ በትንሹ ይግቡ።

መንገዱ ከተማዋን ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ማቋረጥ ነው። ከቀራንዮ በታክሲ ጦር ኃይሎች ደርሰው፣ በ2008 ዓ.ም. ሥራ በጀመረው የቀላል ባቡር መስመር በሜክሲኮና በስታዲየም በኩል እስከ መገናኛ መሄድ ይችላሉ፤ ባቡሩ ካልተመቸዎ በታክሲ እየተቀያየሩ እዚያው ይደርሳሉ። ከመገናኛ በሾላ በኩል ወደ የካ ደብረ ሣህል ቅዱስ ሚካኤል ይሂዱ። ወደ ተራራው ቢቸኩሉም ይህን ደብር አይለፉት። ተሳልመው፣ ጸልየው፣ መባዎን ሰጥተው፣ ከዚያ ከአገልጋዮቹ ወይም ከሰበካ ጉባኤው ስለ መንገዱ፣ ስለ ቦታው ሁኔታና ስለ ፈቃድ ይጠይቁ። የአካባቢው ሰው መንገድ ቢያሳይዎ ድካሙን አይርሱ፤ ተገቢውን ይክፈሉት። ብቻዎን አይውጡ፤ ጫካው ሰው የሚበዛበት አይደለም፣ ሲመሽም ጅብ ይወጣል። ረፋድ ላይ ወጥተው ከሰዓት በኋላ ገና በብርሃን መውረድ ይሻላል። ሶሉ የማያዳልጥ ጫማ፣ ነጠላና ውሃ ይያዙ፤ ነጠላው እስከሚደርሱ በቦርሳ ቢሆን ለዳገቱ ይመቻል።

5. ሲደርሱ መጀመሪያ ይዙሩ፣ ቀጥሎ ያስተውሉ፣ ከዚያ ይጸልዩ

ነህምያ ወደ ኢየሩሳሌም በተመለሰ ጊዜ አስቀድሞ ያደረገው በሌሊት ወጥቶ የፈረሰውን ቅጥር እየዞረ ማየት ነበር፤ ለማንም ከመናገሩ በፊት ጉዳቱን መረመረ። እርስዎም እንዲሁ ያድርጉ። ወዲያው ወደ ውስጥ አይግቡ፤ በዙሪያው ቀስ ብለው ይሂዱ። ፍልፍል ቤተ ክርስቲያን ድንጋይ በድንጋይ ላይ ተደርቦ እንደማይሠራ ያስታውሱ፤ ጠራቢዎቹ ትርፉን አለት እያነሡ ግድግዳውን፣ ምሰሶውንና መስኮቱን ከተራራው አካል ያስቀራሉ። የመሮ ፈለግ የሚታይበትን ቦታ ቢያገኙ በዐይንዎ ይከተሉት። ከዚያ ምሥራቅን ይለዩ፤ መቅደሱ በዚያ በኩል ነው። ቅኔ ማኅሌቱ፣ ቅድስቱና መቅደሱ የት የት እንደነበሩ በልብዎ ሲያስቀምጡ፣ ድንጋይ ብቻ ይመስል የነበረው ቦታ ቤተ ክርስቲያንነቱ ይገለጥልዎታል።

ወደ ውስጥ መግባት የሚቻል ከሆነ ጫማዎን ያውልቁ፤ መሬቱ ስለታም ስብርባሪ ወይም ጭቃ ከሆነ ከውጭ ሆነው ይሳለሙ፤ በጫማ ከመግባት ይህ ይሻላል። ወደ መቅደሱ ስፍራ አይግቡ። አንዳንዱ «መጋረጃ የለ፣ መንበር የለ፣ ምን ይከለክላል?» ይላል። የሚከለክለው የቦታው አሳብ ነው፤ ለካህናት ብቻ የተለየው ክፍል መጋረጃው በመቀደዱ ለሁሉ አልተፈቀደም። ይህን ወሰን የሚያከብር ምእመን ቦታው አሁንም ቤተ መቅደስ መሆኑን በተግባር ይመሰክራል፤ ወሰኑን የረገጠ ግን ሳያስበው «እዚህ የቀረ ነገር የለም» ከሚለው ጋር ተስማምቷል።

ለጸሎት የዘወትር ጸሎትና ውዳሴ ማርያም በቂ ናቸው፤ የወሩ ድርሳነ ሚካኤል ካለ ይነበብ። ከዳዊት ደግሞ ሁለት መዝሙሮች ለቦታው ይስማማሉ፤ በእኛ ቁጥር 78ኛው ስለ ፈረሰች ኢየሩሳሌም ያለቅሳል፣ 83ኛው የእግዚአብሔርን ማደሪያ ይናፍቃል። በመጀመሪያው አልቅሰው በሁለተኛው ይጨርሱ። አለቱን የጠረቡትን፣ በዚያ ቀድሰው፣ አስተምረው ያለፉትን፣ ስማቸው ያልቀረልንን አባቶችና እናቶች በጸሎት ያስቡ። ታሪካቸው በዝርዝር ባይታወቅም ነፍሳቸው በእግዚአብሔር ዘንድ የታወቀ ነውና ይህ ከሁሉ የሚበልጥ መታሰቢያቸው ነው።

6. እጅዎን ይሰብስቡ

ይህ የመመሪያው ዋና ክፍል ነው። ፍርስራሽን የሚጎዳው የሚንቀው ሰው ብቻ አይደለም፤ የሚወደውም ይጎዳዋል። ምእመን ከቅዱስ ቦታ እምነት ይዞ መመለስ ልማዱ ነው፤ በሕያው ደብር እምነቱን የሚሰጡት ካህናት ናቸው። በፍርስራሹ ግን ሰጪ ስለሌለ ሰው በራሱ እጅ ከግድግዳው ይፍቃል። «እኔ አንድ ጭብጥ ብወስድ ምን ይጎድላል?» የሚለው ተቃውሞ በተገነባ ቤት ላይ ምናልባት መልስ ያጣ ይሆናል፤ የወደቀ ድንጋይ በሌላ ይተካልና። በፍልፍል መቅደስ ግን የጠራቢዎቹ ሥራ በሙሉ መቀነስ ነበር፤ የት ላይ ማቆም እንዳለባቸው አውቀው አቆሙ። ከዚያ ወዲህ የሚፈቀፈቅ እያንዳንዱ ቅንጣት እነርሱ ሊተዉት የወሰኑትን መውሰድ ነው፤ ተመልሶም አይገጠምም። አንድ ሺህ ሰው እያንዳንዱ ትንሽ ቢወስድ የሚቀረውን ለማስላት አይከብድም።

ስለዚህ አይፋቁ፣ የተሰበረም ድንጋይ ቢሆን አይውሰዱ። ጧፍ ከግድግዳው ሥር አይለኩሱ፤ ጥላሸቱና ሰሙ በአለቱ ይቀራሉ። ስምዎን አይጻፉ፤ ለጸሎት የሚሆን ስም ለካህን ይሰጣል እንጂ በመቅደስ ግድግዳ አይቀረጽም። ገንዘብ በስንጥቁ አይክተቱ፤ መባ የሚገባው በታች ወዳለው ደብር ነው። በጉድጓዱ ያቆረውን የዝናብ ውሃ ጠበል ነው ብለው አይጠጡ፣ ለሕመምተኛም አይውሰዱ፤ ጠበልን ጠበል የምትለው ቤተ ክርስቲያን ናት፤ የቆመ ውሃም በሽታ ያመጣል። ፎቶ ማንሣት ቢፈልጉ ከጸሎት በኋላ ያንሡ፤ በምሰሶና በግድግዳ ላይ ወጥተው ግን አይቁሙ። በረከት ይዘው መመለስ ከፈለጉ ከየካ ሚካኤል ካህናት እምነትና ጠበል ይቀበሉ። ሕጉም ከዚህ ጋር ይስማማል፤ የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስን ያለ ፈቃድ ከቦታው ማንሣትን ይከለክላል።

7. «ታዲያ ለምን አናድሰውም?»

ቅን ሰው ሁሉ ይህን መጠየቁ አይቀርም። ኤልያስ የፈረሰውን መሠዊያ ካቃና እኛስ ገንዘብ አዋጥተን፣ ሲሚንቶ አምጥተን ጣሪያ ብናለብሰው? ቅናቱ የተመሰገነ ነው። ነገር ግን ለስላሳ የእሳተ ገሞራ አለት ላይ የሚለጠፍ ሲሚንቶ እርጥበቱን ወደ ውስጥ አፍኖ ድንጋዩን ከኋላ ያበሰብሰዋል። እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት በተመዘገቡት የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት እንኳ፣ ያ ሁሉ ባለሙያና ገንዘብ እያለ፣ የዝናብ መከላከያው የብረት መጠለያ ራሱ ሌላ ስጋት ሆኖ ለዓመታት አከራክሯል። እዚያ ያልቀለለ ሥራ በአንድ ማኅበር መዋጮ አይቀልም። ኤልያስም መሠዊያውን ያቃናው በእግዚአብሔር ቃል ታዝዞ ነው እንጂ በራሱ ችኮላ አይደለም። የእኛ ትእዛዝ የሚመጣው ከቤተ ክርስቲያን አባቶችና ሙያው ካላቸው የቅርስ ጠባቂዎች በአንድነት ነው። እስከዚያ ድረስ የምእመን ድርሻ የቀረው እንዳይጠፋ መጠበቅ ነው።

8. ከተመለሱ በኋላ

ጉዞው ቤት ሲደርሱ አያልቅም። አዲስ ስንጥቅ፣ የተነቀለ ድንጋይ፣ በግድግዳ ውስጥ የበቀለ ዛፍ ወይም የተቆፈረ ቦታ አይተው ከሆነ ቀኑን ጽፈው ለየካ ሚካኤል አስተዳደር፣ ለክፍለ ከተማው የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ወይም ለኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን ያሳውቁ፤ ፎቶው ከሁሉ በላይ የሚጠቅመው ያን ጊዜ ነው። በሚቀጥለው ዓመት ሲሄዱ ከዚያው ቦታ፣ ከዚያው አቅጣጫ ያንሡ፤ የዓመታት ፎቶ ሲደረደር መፈራረሱ በምን ፍጥነት እንደሚሄድ ለባለሙያው ያሳያል። በአጥቢያዎ ሰንበት ትምህርት ቤት ያዩትን ያስተምሩ፤ ሲያስተምሩም የቦታውን መንገድ ከመናገርዎ በፊት የአያያዙን ሥርዓት ይንገሩ፤ ሥርዓቱን ሳያውቅ የሚሄድ ሰው ቢበዛ ለቦታው ጉዳት እንጂ ጥቅም የለውም።

ዋሻ ሚካኤል ከአዲስ አበባ መቆርቆር በፊት ለብዙ ዘመናት ተጸልዮበታል፤ ከተማዋ ዛሬ ጥግ ድረስ ደርሳበታለች። ከመንግሥት ወይም ከውጭ ድርጅት የሚመጣ እርዳታ ቢገኝ መልካም ነው፤ ነገር ግን የዚህ መቅደስ የቅርቡ ጠባቂ የሚሳለመው ሕዝብ ነው። በጥቂቱ የሚሄድ፣ ከደብሩ የሚጀምር፣ እውነቱን የሚናገር፣ ምንም የማይወስድና ያየውን የሚያሳውቅ ምእመን በየአጥቢያው ቢገኝ፣ አባቶች ከአለቱ ያስቀሩት መቅደስ ለልጅ ልጆቻችን የመድረስ ዕድሉ ይሰፋል።